በጣና ዳር የወይን ፍሬ በክረምት ለምን ይበሰብሳል? ስለ ገረዛ ወቅት፣ ስለ መዳብና ስለ ኮመጠጠ ወይን ጠጅ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው የመጣው ከባሕር ዳር ከተማ ወጣ ብሎ በሐይቁ ደቡባዊ ዳርቻ ሩብ ሄክታር በሚሆን መሬት ላይ ወይን ከሚያለማ ቤተሰብ ነው። ጠያቂያችን እንደጻፉት፣ ወላጆቻቸውና ሁለት ወንድሞቻቸው 800 ገደማ የወይን ተክሎችን ያለ ሰው ሠራሽ ኬሚካል ሲንከባከቡ አራተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል። ከውጭ አገር የተዘጋጀ መመሪያ ተከትለው በየዓመቱ የካቲት ላይ ይገርዛሉ፤ ፍሬው በሐምሌና በነሐሴ ይደርስና ዘለላው ሳይለቀም ግማሹ ይሻግታል። የተረፈውን በጋን ጠምቀው ነበር፣ እሱም በሦስት ወር ውስጥ ኮመጠጠ። አባትየው “ኦርጋኒክ” የሚለውን መንገድ መተው አይፈልጉም፣ ጎረቤት ግን ጠንካራ ፀረ ሻጋታ እንዲረጩ ይመክራቸዋል። የቀረቡት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፤ በኦርጋኒክ አሠራር የሚፈቀድ የትኛው መድኃኒት ነው ይህን መበስበስ የሚያቆመው? ጠጁስ ለምን ኮመጠጠ?

የመጀመሪያውን በቀጥታ ለመመለስ፣ የሚያቆመው መድኃኒት የለም፤ በኦርጋኒክ ዝርዝር ውስጥም ሆነ ከዚያ ውጭ። በሐምሌ ዝናብ ሥር የሚበስል የወይን ዘለላ በማንኛውም ርጭት አይድንም፤ ዝናቡ የተረጨውን ያጥበዋል፣ ፍሬው ውኃ ጠጥቶ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ በኩል ሻጋታና የኮምጣጤ ባክቴሪያ ይገባል። ስለዚህ መለወጥ ያለበት መድኃኒቱ ሳይሆን የገረዛው ወቅት ነው። የሁለተኛው ጥያቄ መልስም ከዚሁ የሚነሣ መሆኑን ወደ ታች እናያለን።

የካቲት ላይ መግረዝ ትክክል የሚሆነው ወይኑ በብርድ ምክንያት ቅጠሉን አርግፎ በሚተኛበት በአውሮፓና በመሰል አገሮች ነው። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11.6 ዲግሪ አካባቢ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። እዚህ ወይን በብርድ አይተኛም፤ ውኃ እስካገኘ ድረስ ዓመቱን ሙሉ ያቆጠቁጣል፣ ከተገረዘበት ቀን ጀምሮም እንደ ዝርያው ከ140 እስከ 150 ባሉት ቀናት ውስጥ ፍሬውን ያደርሳል። ከየካቲት አጋማሽ ተነሥተው ይህን ያህል ቀን ቢቆጥሩ በትክክል ሐምሌ ውስጥ ይገባሉ። በአካባቢው በዓመት ከሚዘንበው 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርድ በመሆኑ፣ ወይንዎ በዓመቱ ውስጥ ከሁሉ የከፋውን ጊዜ ለመብሰያነት እንዲመርጥ ተደርጓል ማለት ነው። ነገሩ ግን ደግ ገጽታም አለው፤ ወይኑ የሚነሣበትን ቀን የሚወስነው ብርድ ሳይሆን የገራዡ መቀስ ከሆነ፣ ቀኑን ለመምረጥ ሥልጣኑ የእናንተ ነው።

የዝናብ ወቅቱ ከእኛ ጋር የሚመሳሰለው በሕንድ ማሃራሽትራ ግዛት የሚገኘው የናሺክ አካባቢ ለዚህ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። እዚያም ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ አልሚዎቹ በዓመት ሁለት ጊዜ ይገርዛሉ፣ ፍሬ የሚለቅሙት ግን አንድ ጊዜ፣ በበጋ ነው። የዝዋይ ሐይቅ ዳርቻን ማሳዎች ምሳሌ ማድረግ የሚፈልጉ ሰዎች ብዙ ናቸው። በዚያ የሚገኘው የካስቴል ወይን ጠጅ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገበያ ላይ የዋለ በመሆኑ ፍላጎቱ ይገባኛል፤ ይሁን እንጂ የዝዋይ ዝናብ የባሕር ዳርን ግማሽ ገደማ ብቻ በመሆኑ አሠራሩን እንዳለ ወደ ጣና ማምጣት አያዋጣም። በጣና ዳር ወይን ማልማት ራሱ ግን አዲስ ነገር አይደለም፤ ከሐይቁ በስተምሥራቅ በእንፍራዝና በይፋግ አካባቢ ወይን ይለማ እንደነበር የቀድሞ መንገደኞች ጽፈውታል።

የሁለቱ ገረዛዎች ዓላማ የተለያየ ስለሆነ አንዱን ከሌላው ማምታታት አይገባም። የፍሬው ገረዛ የሚባለው ዝናቡ ሊያበቃ ሲል፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ባለው ጊዜ የሚደረገው ነው። ከዚያ በፊት ከገረዙ ለጋው ቁጥቋጦ በመጨረሻው ዝናብ ይመታል፤ ከዚያ በጣም ካዘገዩ ደግሞ ሥራው ከጤፍና ከዳጉሳ አጨዳ ጋር ይጋጭና የቤተሰቡ ጉልበት ይከፈላል። በዚህ አቆጣጠር አበባው በኅዳር አጋማሽ ገደማ በደረቅ አየር ይፈነዳል፣ ፍሬው ቀለም መያዝ የሚጀምረው በጥር ነው፣ ለቀማው ከየካቲት መጨረሻ እስከ መጋቢት አጋማሽ ይሆናል። በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሚወርድባቸው ቀናት መኖራቸው ለወይን ጠጅ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ቀዝቃዛ ሌሊት በፍሬው ውስጥ ያለው አሲድ ቶሎ እንዳይቃጠል ይጠብቃል፣ ቀኑ ደግሞ ብሩህ ስለሚሆን ስኳሩና ቀለሙ ሳይጎድል ይሞላል።

ሁለተኛው፣ የመታደሻ ገረዛ የምለው፣ ከለቀማው በኋላ ተክሉ ጥቂት ሳምንታት በመስኖ አርፎ በመጋቢት መጨረሻ ወይም በሚያዝያ መጀመሪያ የሚደረገው ነው። በዚህ ጊዜ የአምናው ሐረግ አንድ ወይም ሁለት ዓይን (አዲስ ቡቃያ የሚወጣበት እብጠት) ብቻ ተትቶለት ወደ ግንዱ ተጠግቶ ይቆረጣል፣ አዲስ ሐረግም ይወጣል፤ ከዚህ አዲስ ሐረግ ላይ በዚያ ዓመት ፍሬ አይጠበቅም። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። በጥቅምት የሚወጣው ዘለላ የሚፀነሰው በጥቅምት አይደለም፤ ዓይኑ ውስጥ የሚፈጠረው ከመታደሻው ገረዛ በኋላ በሚከተሉት ከ40 እስከ 60 ባሉት ቀናት፣ በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ ነው። ዓይኑ በዚያ ጊዜ ብርሃንና ሙቀት ካላገኘ ዘለላ ሊሆን የሚገባው ነገር መጠምጠሚያ ክር ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ መታደሻውን ወደ ግንቦት መጨረሻ ያንከባለለ አልሚ ዓይኖቹን በሐምሌ ደመና ሥር ያስፀንስና በጥቅምት ያማረ ቅጠል ብቻ ያገኛል። በዚያን ጊዜ “ዝርያው መካን ነው” ተብሎ ተክል ሲነቀል ማየት በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ጥፋቱ የተፈጸመው ከአምስት ወር በፊት ነውና።

ለእናንተ ዘንድሮ የሚያስደስተው፣ ሽግግሩን ለመጀመር አንድ ዓመት መጠበቅ የማያስፈልግ መሆኑ ነው። የካቲት ላይ ገርዛችሁ ያገኛችኋቸው ሐረጎች ዓይናቸውን ያቋጠሩት በመጋቢትና በሚያዝያ ጠራራ ፀሐይ ስለሆነ ፍሬ የያዙ ሊሆኑ ይችላሉ። ይህን በግምት ሳይሆን በዓይን ማረጋገጥ ይቻላል። በመስከረም መጀመሪያ ከተለያዩ ተክሎች የእርሳስ ውፍረት ያላቸውን 20 ያህል ሐረጎች ቆርጣችሁ፣ እያንዳንዱን ስድስት ዓይን በሚይዝ ርዝመት አስተካክላችሁ፣ ሥራቸውን ውኃ በያዘ ጠርሙስ ውስጥ ነክራችሁ ብርሃን በሚገባበት መስኮት አጠገብ አቁሟቸው፤ ውኃውን በየሁለት ቀኑ ለውጡ። በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ዓይኖቹ ይፈነዳሉ፤ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ቅጠል በሚዘረጋበት ጊዜ ከቅጠሉ በተቃራኒ በኩል የጤፍ ፍሬ የተሰካካበት የሚመስል አረንጓዴ ዘለላ ካያችሁ ዓይኑ ፍሬያማ ነው። ዘለላ የሚታየው ከሥር ሲቆጠር ከስንተኛው ዓይን ጀምሮ እንደሆነ መዝግቡ። ሁለተኛው ዓይን ፍሬያማ ከሆነ በጥቅምት ሁለትና ሦስት ዓይን ትታችሁ ማሳጠር ትችላላችሁ፤ አራተኛው ከሆነ ግን አምስትና ስድስት ዓይን ትታችሁ ማስረዘም ይገባችኋል።

አሁን በተክሉ ላይ ያለውን የበሰበሰ ዘለላ ሁሉ ሳትሰስቱ ቆርጣችሁ ከማሳው አውጡና ቅበሩት። ተክሉ በክረምት አንድ ፍሬ ተሸክሞ በጥቅምት ሌላ እንዲሸከም የሚገደድ በመሆኑ ዘንድሮ ከእያንዳንዱ ሐረግ ላይ ከአንድ ዘለላ በላይ አታስቀሩ፤ ከአንድ ተክል አንድ ኪሎ ወይም አንድ ኪሎ ተኩል ቢገኝ ይበቃል። ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ከሁለት እስከ ሦስት ኪሎ ድረስ መፍቀድ ይቻላል፣ ይህም ከ800 ተክል 2,000 ኪሎ ገደማ ፍሬና ከ1,200 እስከ 1,400 ሊትር የሚደርስ ወይን ጠጅ ማለት ነው።

በጥቅምት ገረዛ የሚያጋጥም አንድ ችግር አለ፤ ተክሉ በብርድ ስላልተኛ ዓይኖቹ እኩል አይነቁም፣ በሐረጉ ጫፍ ያለው ብቻ ተነሥቶ የታችኛው ይዘገያል። በትልልቅ እርሻዎች ለማንቂያነት የሚቀባው ሃይድሮጅን ሲያናማይድ መርዛማ ኬሚካል በመሆኑ በኦርጋኒክ አሠራር አይፈቀድም፤ የቀባው ሰው በዚያ ሰሞን አልኮል ቢጠጣ እንኳ ክፉኛ ይታመማል። በእሱ ፋንታ ከገረዛው አሥርና አሥራ አምስት ቀን በፊት ቅጠሉን በእጅ ማርገፍ፣ ሐረጎቹን አጎንብሶ ከሽቦው ጋር በአግድም ማሰር፣ በተቆረጠው ጫፍ ላይም የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት መቀባት ይረዳል። የነጭ ሽንኩርቱ ነገር ተረት እንዳይመስላችሁ፤ የተኛ የወይን ዓይን ለማንቃት እንደሚጠቅም በጃፓን በተደረገ ጥናት ተረጋግጧል።

ወደ በሽታው እንመለስ። ወይንን የሚያጠቁት ሁለቱ ዋና ዋና ሻጋታዎች ጠባያቸው የተለያየ ነው። ዳውኒ ሚልዲው የሚባለው ዝናብ ይፈልጋል፤ በቅጠሉ የላይኛው ገጽ የዘይት ጠብታ ያረፈበት የሚመስል ቢጫ ነጥብ፣ በሥሩ ደግሞ ነጭ ጥጥ መሳይ ነገር ያሳያል። ፓውደሪ ሚልዲው የሚባለው ግን ያለ ዝናብም ይራባል፣ ቅጠሉና ፍሬው ላይ አመድ የተነሰነሰ ይመስላል። እንግዲህ ፍሬውን ወደ በጋ ስታሻግሩት ከመጀመሪያው ታመልጡና ከሁለተኛው ጋር ትገናኛላችሁ። ፓውደሪ ሚልዲውን ለመቆጣጠር በኦርጋኒክ የተፈቀደው ጥንታዊ መድኃኒት ድኝ ነው። ወሳኙ ጊዜ ከአበባው ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ እስከ ፍሬው አተር ማከል ድረስ ያለው አንድ ወር ተኩል ገደማ ስለሆነ፣ በዚያ ጊዜ በየአሥርና በየአሥራ ሁለት ቀኑ በውኃ የሚሟሟ ድኝ ረጭታችሁ ከዚያ በኋላ ማቆም ትችላላችሁ። በቀትር ሙቀት አትርጩ፣ ቅጠል ያቃጥላል። ፍሬው ቀለም ከያዘ በኋላም በፍጹም አትርጩ፤ በፍሬው ላይ የቀረ ድኝ በፍላቱ ጊዜ የተበላሸ እንቁላል ሽታ ይሰጣል። በዘለላው ዙሪያ ያለውን ቅጠል ከጠዋት ፀሐይ አቅጣጫ መንቀልና የከሰዓቱን መተው ነፋስ ያስገባል፣ ፍሬውንም ከቃጠሎ ያድናል፤ ይህ ሥራ ከግማሽ ርጭት በላይ እንደሚጠቅም አምናለሁ።

ክረምት ላይ ማሳው ፍሬ ባይኖረውም ዳውኒ ሚልዲው ቅጠሉን እንዳይጨርሰው ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ለጥቅምቱ ፍሬ ስንቅ የሚያከማቸው ይህ ቅጠል ነው። እዚህ ላይ የቦርዶ ውህድ የሚባለው፣ ከ1885 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀው የኮፐር ሰልፌት (ሰማያዊ የመዳብ ጨው) እና የኖራ ድብልቅ ይገባል። 50 ግራም ኮፐር ሰልፌት በአምስት ሊትር ውኃ፣ እኩል ክብደት ያለው ንጹሕ ኖራ በሌላ አምስት ሊትር ውኃ ለየብቻ ይሟሟል፤ ከዚያ ሰማያዊው በኖራው ላይ ቀስ እየተባለ ይፈስሳል፣ ኖራው በሰማያዊው ላይ አይደለም። ዕቃው ፕላስቲክ ይሁን፤ ብረት አይሆንም። የታጠበ የብረት ቢላዋ ለአንድ ደቂቃ ነክራችሁ ስታወጡት ስለቱ ላይ ቀይ የመዳብ ቀለም ከተለጠፈ ኖራው አንሷልና ጨምሩ፣ አለዚያ ቅጠሉን ያቃጥለዋል። በተዘጋጀበት ቀን ተረጭቶ ማለቅ አለበት።

ነገር ግን መዳብ በኦርጋኒክ ስለተፈቀደ ብቻ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም፣ ይህንንም አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። መዳብ አይበሰብስም፣ አይተንም፤ የተረጨው ሁሉ መሬት ውስጥ ይከማቻል፣ ትልን ይጎዳል፣ ከአፈሩ ጋር ታጥቦ ሐይቅ ከገባ ደግሞ ለዓሣና ለውኃ ነፍሳት መርዝ ነው። የጣና ሐይቅ አካባቢ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የተመዘገበ ነው፤ በሐይቁ ውስጥ ያሉት የበርበስ ወገን ዓሣዎች ብዙዎቹ በሌላ ቦታ የማይገኙ ናቸው። የአውሮፓ ሕግ በሰባት ዓመት ውስጥ በሄክታር ከ28 ኪሎ መዳብ በላይ እንዳይረጭ ይከለክላል፣ በአማካይ በዓመት አራት ኪሎ ማለት ነው። ከኮፐር ሰልፌት ክብደት መዳቡ ሩብ ያህል ስለሆነ፣ ለሩብ ሄክታራችሁ የዓመቱ ጣሪያ አራት ኪሎ ኮፐር ሰልፌት ይሆናል። እኔ ግን ከዚህ በግማሽ እንድትወሰኑ እመክራለሁ፤ ቅጠሉ ትንሽ ቢነጠብጥም ፍሬ የሌለበት ወቅት ስለሆነ መታገሥ ይቻላል። በማሳውና በሐይቁ መካከል ሰፋ ያለ የሣር ጥብጣብ ተዉ፣ በረድፎቹ መካከልም በክረምት ሣሩን አትንቀሉት፤ ከመጠን ያለፈውን ውኃ ይመጥላችኋል፣ አፈሩንም ይይዛል። በመስከረም አጭዳችሁ ለበጋው ጉዝጓዝ ታደርጉታላችሁ። እምቦጭን ግን በነጻ ይገኛል ብላችሁ ለጉዝጓዝ አታምጡ፤ ዘሩ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል፣ ከማሳችሁ ተመልሶ ወደ ውኃው እንዲገባ መንገድ መክፈት ነው።

የማሳችሁ የላይኛው ክፍል ቀይ አፈር፣ የታችኛው ዋልካ እንደሆነ ጽፋችኋል። ዋልካው ላይ ያሉት ተክሎች ቢደክሙ አይግረማችሁ፤ በክረምት ሥራቸው ውኃ ውስጥ ይቆማል። ቦይ ቆፍሮ ማጠንፈፍ ይረዳል፣ የሞቱትን ተክሎች ለመተካት ሲታሰብ ግን ያንን ክፍል ለሌላ ሰብል መልቀቅ ይሻላል። በበጋ በጠብታ መስኖ አንድ ሙሉ ቅጠል የለበሰ ተክል በቀን ስድስት ሊትር ገደማ ውኃ ይበቃዋል፣ ለማሳው በጠቅላላ አምስት ሜትር ኩብ ያህል ነው፤ ፍሬው ቀለም ከያዘ በኋላ በሲሶ ቀንሱለት። ለወፍ መረብ፣ ሌሊት ከሐይቁ ለሚወጣው ጉማሬ ደግሞ ቦይ ወይም የድንጋይ ካብ ከአሁኑ ይታሰብበት፤ በበጋ ሌላው ሁሉ በሚደርቅበት ጊዜ ለምለም የሚሆነው የእናንተ ማሳ ብቻ ነውና።

አሁን ስለ ኮመጠጠው ጠጅ። ምክንያቶቹ ሦስት ናቸው ብዬ አስባለሁ። የመጀመሪያው ከላይ የተባለው ነው፤ የተሰነጠቀና የሻገተ ፍሬ የኮምጣጤ ባክቴሪያን ተሸክሞ ወደ ጋኑ ገብቷል። ሁለተኛው፣ ዝናብ የጠጣ ፍሬ ስኳሩ ስለሚቀጥን አልኮሉ ዝቅተኛ ይሆናል። ሦስተኛው አያያዙ ነው፤ ጋኑ ግማሽ ድረስ ብቻ ተሞልቶ፣ በጨርቅ ተሸፍኖ ለሦስት ወር ቆሟል። ማር ጠጅ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ተጠጥቶ የሚያልቅ፣ ጌሾም የሚገባበት በመሆኑ በዚህ አያያዝ ይወጣዋል። የወይን ጠጅ ግን ወራት ሲቆይ ነው የሚጣፍጠው፣ እስከዚያ ድረስ ዋና ጠላቱ አየር ነው። አንድ ጊዜ የኮመጠጠውን መመለስ አይቻልም፤ ከደህናው ጋር አትቀላቅሉት፣ ወደ አቼቶ እስኪለወጥ ተዉትና ለወጥ ቤት አውሉት። የአቼቶውን ዕቃ ከመጥመቂያው ክፍል ማራቅ ያስፈልጋል።

ለመጋቢቱ ለቀማ የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ጥቂት ናቸው፤ ስኳር የሚለካ ሪፍራክቶሜትር፣ ሃይድሮሜትር፣ ቴርሞሜትርና ፒኤች (ቁጥሩ ከፍ ሲል አሲዱ መቀነሱን የሚያሳይ) መለኪያ። ቀኑን በዓይን አትወስኑ፤ ከየካቲት መጀመሪያ አንስቶ በየሦስት ቀኑ ከተለያዩ ተክሎች 100 ፍሬ ለቅማችሁ ጨምቃችሁ ለኩ። ብሪክሱ፣ ማለትም በመቶኛ የሚለካው የጭማቂው ስኳር፣ 22 እና 23 ሲደርስ፣ ፒኤቹ ደግሞ ከ3.6 ሳያልፍ ልቀሙ። በአንድ ሊትር ጭማቂ ውስጥ ያለ 17 ግራም ገደማ ስኳር አንድ በመቶ አልኮል ይሰጣልና ከዚህ ፍሬ 13 በመቶ ገደማ ይገኛል። ሁለቱ ባይስማሙ፣ ስኳሩ ሳይሞላ ፒኤቹ ቢሮጥ፣ እኔ ፒኤቹን አምኜ ቀደም ብዬ እለቅማለሁ፤ 12 በመቶ የሆነ ጤነኛ ወይን ጠጅ 14 በመቶ ከሆነ ልል ወይን ጠጅ ይበልጣል። ለቀማው ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ይጠናቀቅ፣ የሻገተ ፍሬ በዚያው በማሳው ይወገድ።

ስለ እርሾው ሁለት ምርጫ አላችሁ። የተመረጠ ደረቅ እርሾ መግዛት ይቻላል፤ አለዚያ ከለቀማው አምስት ቀን ቀደም ብላችሁ ከሁሉ የተሻሉትን ጥቂት ዘለላዎች ጨፍልቃችሁ በንጹሕ ዕቃ ጥንስስ ጣሉ፣ ሞቅ ብሎ ሲፈላና ሽታው የጠራ መሆኑን ስታረጋግጡ በዋናው ላይ ትጨምሩታላችሁ። ጥንስሱ የኮምጣጤ ወይም የቀለም ማቅጠኛ ሽታ ካለው ድፉት። ለቀይ ወይን ጠጅ ፍሬው ከግንጫፉ ተለይቶ ይጨፈለቅና ከነቆዳው ይፈላል። ከላይ የሚንሳፈፈው ቆዳ ከደረቀ ኮምጣጤ የሚጀምረው ከእሱ ስለሆነ በቀን ሦስት ጊዜ ወደ ታች እየገፋችሁ አጥልቁት። ሙቀቱ ከ28 ዲግሪ እንዳያልፍ ዕቃው ከ200 ሊትር አይብለጥ፣ በእርጥብ ጆንያም ተጠቅልሎ ይቀመጥ። ፍላቱ የሚያወጣው ጋዝ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰው ይገድላል፤ በርና መስኮት ይከፈት፣ ማንም ብቻውን በዕቃው ላይ አያጎንብስ፣ ልጆችም አይግቡ። ከስድስት እስከ ስምንት ባሉት ቀናት ተጨምቆ አየር በማያስገባ፣ ጋዝ ግን በሚያስወጣ ክዳን እስከ አፉ ድረስ ይሞላል። ከዚያ በኋላ ከአተላው ላይ ለይቶ ወደ ሌላ ንጹሕ ዕቃ ማዛወርና ጎደሎውን በየሁለት ሳምንቱ መሙላት ነው። ለመሙያ የሚሆን ትርፍ በትናንሽ ጠርሙሶች ሞልታችሁ አስቀምጡ።

ወይን ጠጅን ከመበላሸት የሚጠብቀው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይግባ ወይስ አይግባ የሚለው በቤተሰቡ ውስጥ ክርክር እንደሚያስነሣ እገምታለሁ። የአውሮፓ የኦርጋኒክ ሕግ ለደረቅ ቀይ ወይን ጠጅ በሊትር እስከ 100 ሚሊ ግራም፣ ለነጭና ለሮዜ እስከ 150 ይፈቅዳል፤ በአሜሪካ “ኦርጋኒክ ወይን” ተብሎ እንዲሸጥ ግን ጭራሽ እንዳይጨመርበት ይጠየቃል። ለጀማሪ ቤተሰብ የእኔ ምክር መጠነኛውን መጠቀም ነው፤ በጭፍለቃው ጊዜ በሊትር 40 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ለ100 ሊትር ስምንት ግራም ገደማ ፖታሲየም ሜታባይሰልፋይት (ሰልፈር ዳይኦክሳይድን የሚሰጥ ዱቄት)፣ ሁለተኛ ደግሞ ወይን ጠጁ ጨርሶ ከረጋ በኋላ። የሚያስፈልገው መጠን በፒኤች ይወሰናል። ፒኤቹ 3.4 በሆነ ጊዜ 20 ሚሊ ግራም የሚሠራውን ሥራ፣ ፒኤቹ 3.8 ሲሆን 50 ገደማ ይጠይቃል። በጊዜው የተገረዘና በጊዜው የተለቀመ ፍሬ ብዙ ተጨማሪ ነገር የማይፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ሽያጩ በአጭሩ፤ አገራችን በ1998 ዓ.ም. የወጣ የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ፣ ቁጥር 488፣ አላት፤ ዕውቅና ባለው አካል ሳትመሰከሩ በጠርሙሱ ላይ “ኦርጋኒክ” ብላችሁ አትጻፉ፤ ከአሁኑ ጀምሮ ግን የእያንዳንዱን ርጭት ቀንና መጠን መዝግቡ፣ ምክንያቱም ለአውሮፓ ምስክርነት ከመጀመሪያው ምርት በፊት የሦስት ዓመት ማስረጃ ይጠየቃል። የአልኮል መጠጥ ማምረት ፈቃድና ኤክሳይስ ታክስ ያለው ሥራ ነው፣ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰውም አይሸጥም። ለወይን ጠጅ ያልበቃ ነገር ግን ጤነኛ የሆነ ፍሬ ከተረፈ አድርቁት፤ የመጋቢት ፀሐይና ደረቅ አየር ለዘቢብ የተመቸ ነው፣ አራት ኪሎ ፍሬ አንድ ኪሎ ገደማ ዘቢብ ይወጣዋል። ለቅዳሴ የሚያገለግል ዘቢብ በሐይቁ ዙሪያ ያሉት ገዳማትና አድባራት ዘወትር የሚፈልጉት በመሆኑ፣ ከማድረቃችሁ በፊት ንጽሕናውና አያያዙ እንዴት እንዲሆን እንደሚሹ ካህናቱን ጠይቁ።